እግሬን ጥሩልኝ

«ቀብሩ ላይ አጣሁሽ» አለችኝ ጥሩወርቅ።

አፍንጮ በር፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርን። ጥሩወርቅ የድሮ ጎረቤቴ ናት፤ ፒያሳ አንድ ግቢ ውስጥ ከአንድ ቧንቧ ስንቀዳ ኖረን፣ ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ እሷ ወደ አንዱ ዳር እኔ ወደ ሌላው ዳር ሄድን። ተቃቅፈን ሳንላቀቅ ነው ያንን ያለችኝ፣ ድምጿም ውስጥ ወቀሳ ነበረበት። የማን ቀብር ብዬ ስጠይቃት ፊቷ ተለወጠ። እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝና ጋሽ ዘለቀ ካረፉ ሳምንት እንዳለፋቸው ነገረችኝ።

ጥፋቱ የማንም አይደለም። ድሮ ቢሆን የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ገና ሳይነጋ በየበራችን ያልፍ ስለነበር የሰው ሞት ማንንም አያመልጥም። አሁን እድሩም ፈርሷል፣ ሰውም ተበትኗል፤ መርዶው በስልክ ሲዞር እያንዳንዱ ሌላው ነግሯታል ብሎ ዘለለኝ። እንዲህ ሆኖ ነው እኔ ሱቅ ውስጥ ደብተርና እስክሪብቶ ስሸጥ ውዬ፣ ከደንበኛ ጋር ስስቅ ሁሉ ውዬ፣ ጋሽ ዘለቀ አፈር የለበሱት። ታክሲው መጥቶ ሰልፈኛው ሲገባ እኔ ቆሜ ቀረሁ።

ጥሩወርቅም አልገባችም። ዝምታዬ አስፈርቷት ይሆናል «ነፍስ ይማር በይ እንጂ» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ ግን አልወጣም። ወዲያው ምን እንዳለችኝ ለራሷ ገባትና ከንፈሯን ነክሳ ወደ መሬት አየች። የእኛ ግቢ ሰው ናትና ያ ቃል በእኔና በጋሽ ዘለቀ መካከል ምን ማለት እንደነበር ታውቃለች። ለማያውቅ ሰው ለመንገር ግን ከፍሬን መጀመር አለብኝ።

ጋሽ ዘለቀ በአንድ መሥሪያ ቤት ሹፌርነት ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። በወጡበት ሰሞን ዕድሜ ልካቸውን የነዷት አሮጌ ፒካፕ ለጨረታ ቀረበች፤ ተጫርተው አሸንፈው ይዘዋት ወደ ቤት መጡ። ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ «እኔን በሽማግሌ ነው ያገባኝ፤ ለእሷ ግን ከሰው ጋር ተሻምቷል» እያሉ ይተርቧቸው ነበር። ነጭ ነበረች ይባላል፤ እኔ ሳውቃት የሻይ በወተት መልክ ይዛለች። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ በነበረው ግቢያችን ከቧንቧው አጠገብ ትቆማለች፤ ልብስ የሚያሰጣውም ባልዲ የሚሸከመውም እሷን ዞሮ ነው የሚያልፈው።

ጠዋት ጠዋት ከአትክልት ተራ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመላልሱባት ነበር። ዋናው ሥራዋ ግን የእድር ነው። በሰፈሩ ሰው ሲሞት ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱን የምታደርሰው እሷ ናት፤ ሳጥኑንም ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትወስደው እሷ ናት። የሰፈሩ ጎረምሶች «አጽናኝ» የሚል ስም አወጡላት። አጽናኝ መጥታ አንድ ቤት በር ላይ ስትቆም ያ ቤት ሐዘኑን ብቻውን አይሸከምም ማለት ነበር።

ፍሬኗን በገዛ እጃቸው መሥራት የጀመሩት እኔ ወደ ግቢው ከመምጣቴ በፊት በሆነ ነገር ነው። ታሪኩን ብዙ ጊዜ ነግረውኛል፣ አንድም ቃል ሳይለውጡ። አንድ ጋራዥ ፍሬኗን አድሶ በሰጣቸው ማግስት ሳጥን ጭነው፣ በሳጥኑ ግራና ቀኝ አልቃሾች ተቀምጠው፣ ከፒያሳ ቁልቁል ይወርዳሉ። ፔዳሉን ቢረግጡት ወለሉን ነካ። ደግመው ቢረግጡ ምንም የለም። ማርሽ ቀንሰው፣ የእጅ ፍሬኑን ስበው፣ ጎማዋን ከመንገዱ ጠርዝ ጋር እያፋተጉ ሄደው ሄደው የጎመን ክምር ውስጥ ገብተው ቆሙ። ከኋላ ልቅሶው ቀጥ አለ። ቆይቶ እንደገና ሲጀምር ሁሉም የሚያለቅሰው ለራሱ ነበር ይሉ ነበር ጋሽ ዘለቀ። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይስቃሉ፤ ከዚያ ፊታቸው ይከብድና «የሞተውን አድርሼ ያለውን ልገድል ነበር» ይላሉ።

ከዚያ ወዲያ ሞተሯን ማንም ቢነካት ግድ የላቸውም፤ ፍሬኗን ግን ለማንም አላስነኩም። ሞተር ያጣ መኪና ይቆማል፣ ፍሬን ያጣ ነው የሚሄደው ይሉ ነበር። ደግሞ ፍሬን አደራ ነው ይላሉ። ከኋላ የሚሳፈር ሰው ፍሬን አለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ይወጣል፤ አደራው ያ ዝምታው ነው። አንድ ጎረቤታችን የራሱን መኪና ፍሬን እንዲሠሩለት ለመናቸው ያውቃል። እምቢ አላሉም፤ ካፖርቱን አስወልቀው ከጎማው አጠገብ አስቀመጡትና ሙሉ ቀን እሱን ራሱን ሲያሠሩት ዋሉ። ሚስቱ ለምሳ ብትጠራው አልለቀቁትም።

ሰውንም የሚመዝኑት በዚሁ ሚዛን ነበር። አፉ የማያርፍ ሰው «ዘይት ያፈሳል»፤ ቁጡ ሰው «ፍሬን በጥሷል»። እሳቸው ራሳቸው ቁጡ ነበሩ፤ ይህን የሚያውቅ ግን ጥቂት ሰው ነው። አንድ ነገር ሲያናድዳቸው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ቀኝ እግራቸውን መሬት ላይ ጫን ያደርጋሉ። የእድር ስብሰባ ላይ ያንን ጫማ ጫን ሲል ስንቴ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ንግግር ሁልጊዜ የረጋ ነው።

ሥራው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጎማ የሚያስደግፉበት ታኮ ነበራቸው፣ ከግቢያችን አሮጌ መዝጊያ ላይ የተቆረጠ ወፍራም እንጨት። ክሪኩን አያምኑትም፤ መኪናዋ ከፍ ካለች በኋላ ስሯ ግንድ ካላስገቡ አይጠጓትም። ታምቡሩን፣ ከጎማው ኋላ ያለውን ክብ ብረት፣ አውጥተው ውስጡን እየተጫነ የሚያቆመውን የፍሬን ሸራ ያዩታል፤ ጎሚኒ የሚሏትን፣ ዘይቱ እንዳይፈስ የምትይዘውን ትንሽ ጎማ በጣታቸው ይዳስሷታል። የወጣውን ዕቃ ሁሉ ጠርገው በወጣበት ቅደም ተከተል ጋዜጣ ላይ ይደረድሩታል፤ እዚያ ላይ የተራመደች ዶሮ ከነባለቤቷ ትረገማለች። ከመንገድ ሲመለሱም ታምቡሩን በእጃቸው ጀርባ ነካ ያደርጉታል፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካው። ከጋለ «ዛሬ ትኩሳት አላት» ይላሉ፤ ቅዳሜ ትፈታለች ማለት ነው።

ብቻቸውን የማይችሉት አንድ ነገር ነበር፣ አየር ማውጣት። ፍሬን ተፈትቶ ሲገጠም ቱቦው ውስጥ አየር ይገባል፤ አየር ካለ ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ መኪናውም አይቆምም። ለማውጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ላይ ሆኖ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው ታች ጎማው ጋ ሆኖ ትንሽ ቡሎን ከፍቶ አየሩን ያስወጣና ይዘጋል። የላይኛው ሰው ቡሎኗ ሳትዘጋ እግሩን ካነሳ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። እትዬ በላይነሽን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ልጃቸው ዳዊት ያኔ ሥራው ክፍለ ሀገር ነበር።

አንድ ቅዳሜ ለሠርግ ለብሼ ስወጣ ጋሽ ዘለቀ አዩኝና ለአንድ አፍታ እግሬን እንዳውሳቸው ጠየቁኝ። ባለ ታኮ ጫማ አድርጌ ነበር። «ታኮ የጎማ ነው፤ አውልቂና በባዶ እግርሽ ግቢ» አሉኝ። ፍሬን በጫማ አይሰማም። ሠርጉ ላይ የደረስኩት ኬኩ ተቆርሶ ካለቀ በኋላ ነው፤ እሳቸው ዘንድ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ እግሬ ሆኖ ቀረ። ግቢው መሐል ቆመው «እግሬን ጥሩልኝ» ሲሉ እንግዳ ሰው ይደነግጣል። እኔ ጫማዬን እያወለቅሁ እወጣለሁ።

ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። ከታች «ርገጪ፣ ርገጪ፣ ያዢ» ይላሉ። እይዝና «ይዣለሁ» እላለሁ። ቡሎኗን ሲከፍቱ ፔዳሉ ቀስ እያለ እግሬ ስር ይሰምጣል። ሲዘጉ «ልቀቂ» ይላሉ፣ እለቃለሁ። ፊታቸውን አላየውም፣ ፊቴን አያዩትም፤ በመካከላችን ያለው ድምፅ ብቻ ነው።

ይህን ያፈረሰብን ውሃ ነው። ግቢያችን ውስጥ ውሃ የሚመጣው በፈለገው ቀን ነው፤ ሲመጣ ሁሉም በርሜልና ባልዲውን ይዞ ይሮጣል። አንድ ቀን እኔ ፔዳሉን ይዤ፣ ጋሽ ዘለቀ ቡሎኗን ከፍተው ሳለ ውሃው መጣ። ጥሩወርቅ ከቤቷ ሆና ቧንቧው ጋ ለቆመችው እህቷ ሰፈሩ ሁሉ በሚያውቀው ድምጿ «ልቀቂው! ልቀቂው!» አለች። እኔ ለቀቅሁት። ከሰዓት ሙሉ ያወጣነው አየር ባንዴ ተመለሰ።

ጋሽ ዘለቀ ከጎማው ስር ወጡ። ቀኝ እግራቸውን መሬት ላይ ጫን አደረጉ። ከዚያ የራሳቸው እግር ሲከዳቸው የመጀመሪያው እንደሆነ ተናገሩና ሌላ ቃል እንፈልግ አሉ። በሚቀጥለው ጊዜ «በቃ» የሚለውን ሞከርን፤ በዚያ ግቢ ግን ልጅ የምትቆጣ እናት ሁሉ ቀኑን ሙሉ በቃ ስትል ነው የምትውለው። «አሜን» ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ሳናስበው እየመጣ እግሬን አስነሳኝ። ጋሽ ዘለቀ አገጫቸውን በዘይት እጃቸው እየዳበሱ ትንሽ አሰቡና ከዛሬ ጀምሮ የምትለቂው ነፍስ ይማር ስልሽ ነው አሉኝ።

እትዬ በላይነሽ አማተቡ። የሰው ነፍስ የመኪና ዕቃ ሆኖ ነው ወይ ብለው ተቆጧቸው።

«በዚህ ግቢ ማንም በከንቱ የማይለው ቃል ይኼ ብቻ ነው» አሉ ጋሽ ዘለቀ። «ደግሞ ነፍስና ነፋስ ዘመድ ናቸው። ነፋሱ ሲወጣ ነፍስ ይማር ካልተባለ ምን ሊባል ነው?»

እትዬ በላይነሽ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑት። የዚያኑ ዕለት በራችን ላይ ቆሎ የሚሸጡ እናት ቃሉን ከመኪናዋ ስር ሲወጣ ሰምተው ማን ሞተ ብለው እያለቀሱ ገቡ። አየር ነው ስንላቸው ዘመኑ እንደሱ ነው ብለው ወጡ። ቃሉ ግን ሠራ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አንድም ጊዜ ተሳስቼ አልለቀቅሁም። ከስር ያ ድምፅ ነፍስ ይማር ካለ አለቀ፣ ዳነ፣ እግርሽን አንሺ ማለት ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ጋሽ ዘለቀ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ይወጣሉ።

እናቴ ስታርፍ ሳጥኗን የወሰደችው አጽናኝ ናት። ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ሳጥኑ ወርዶ ሰው ሁሉ ሲከተል ጋሽ ዘለቀ ክንዴን ያዙና ወደ ኋላው ጎማ ወሰዱኝ። በዚህ ሰዓት ምን ሊያሳዩኝ ነው ብዬ ነበር። «ንኪያት» አሉኝ። በቸርኬው ቀዳዳ ጣቴን አስገብቼ ታምቡሩን ነካሁት። ቀዝቃዛ ነበር። ያንን ሁሉ ቁልቁለት በከባድ ማርሽ እየጎተቱ አውርደዋት፣ ፍሬን ሳይነኩ መጥተዋል። «እናትሽን አንድ ጊዜ እንኳን አላንገጫገጭኳትም» አሉኝ። ያን ሰሞን ብዙ ሰው አጽናናኝ፣ ብዙ ቃልም ሰማሁ፤ አንዱንም አላስታውሰው። የዚያን ብረት ቅዝቃዜ ግን እስከ ዛሬ ጣቴ ላይ አለ።

ድንኳኑ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉድ ገጠመኝ። ለቅሶ የሚገባው ሁሉ ነፍስ ይማር ይለኛል፤ በሰማሁት ቁጥር ቀኝ እግሬ ከምንጣፉ ብድግ ይላል። ላስቆመው ብል አልቻልኩም። አፍሬ ቀና ስል ጋሽ ዘለቀ ከማዶ ተቀምጠው እግሬን ያዩታል። አልሳቁም። ተነስተው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና ጋቢያቸውን እግሬ ላይ ጣል አደረጉበት። ሐዘኑ እስኪያበቃ ያ ቦታ የእሳቸው ሆነ።

ከዚያ ሰፈሩ ይነሳል የሚለው ወሬ እውነት ሆነ። ለመጨረሻ ጊዜ ፍሬኗን ስንሠራ የግማሹ ግቢ ቆርቆሮ ወርዷል። የጋሽ ዘለቀ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቁልፉ ከቡሎኗ ላይ እየተንሸራተተ ሲያስቸግራቸው እኔን ከላይ ጠርተው ታች አስቀመጡኝ፤ እትዬ በላይነሽ ከነጉልበታቸው ፔዳሉ ላይ ወጡ። እጄን በእጃቸው ይዘው ምን ያህል እንደሚከፈት፣ የት ላይ እንደሚጠብቅ አሳዩኝ። ቃሎቹን ግን ከአናቴ በላይ ቆመው ራሳቸው ነበሩ የሚሉት። ለአንዷ ጎማ እንኳን ቃሉን እኔ ልበል ብላቸው እምቢ አሉኝ።

«እሱን እኔ እስካለሁ እኔው እላለሁ።»

እሳቸው በአንድ ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፣ እኔ በሌላኛው ዳር። እድሩ መጀመሪያ መዋጮው፣ ከዚያ ስብሰባው፣ ከዚያ ጡሩምባው ቀረ። ድንኳኑ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ውስጥ ተቆልፎ ተቀመጠ። በዓል በመጣ ቁጥር እደውላለሁ፤ ሲሆንልኝም በሁለት ታክሲ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። ስልኩን ሲያነሱ የሚሉት ያው ነው፣ እግሬን ቆርጠው ሌላ ሰፈር ጣሉብኝ። እስቅላቸው ነበር። እሳቸውም ይስቁ ነበር፤ ሳቃቸው ግን እያጠረ ሄደ። ጥሩወርቅ በታክሲ ሰልፍ ላይ እጄን የያዘችኝ ቀን የመጨረሻው ስልካችን ገና ከአእምሮዬ አልወጣም ነበር።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። አጽናኝ ከሕንፃው ስር ቆማለች፣ ጎማዋ በዚያው በመዝጊያችን እንጨት ተደግፎ። ሳላስበው በእጄ ጀርባ ነካኋት። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው፤ እትዬ በላይነሽ ጥቁር ለብሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፣ ዳዊት ከአጠገባቸው። ከእኔ በፊት የገቡት ሁለት ሴቶች ነፍስ ይማር ብለው ተቀመጡ። ተራው የእኔ ነበር። ቆምኩ፤ ምንም አላልኩም። እትዬ በላይነሽ እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ ሄጄ ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁና አለቀስኩ።

ሰው ሲወጣ ነገሩኝ። ጋሽ ዘለቀ ከመታመማቸው በፊት የኋላ ጎማዋን ፈተው ጎሚኒዋን ቀይረው ነበር። አየሩ ብቻ ቀረ። ዳዊት ልርገጥልህ ሲላቸው እግሬ ትመጣለች አሉት። እትዬ በላይነሽ እንግዲያው ልጥራት ሲሏቸው ደግሞ ከሥራዋ አታጉያት፣ በራሷ ጊዜ ትመጣለች አሏቸው። እንዲህ እንዳሉ ተኙ፣ አልተነሱም። ቢደውሉልኝ እንደምበር ያውቃሉ፤ ስለሚያውቁ ነው ያልደወሉት።

እትዬ በላይነሽን የሚያንገበግባቸው ሌላ ነው። ፍሬን ስላልነበራት አጽናኝ የጋሽ ዘለቀን ሳጥን ልትወስድ አልቻለችም። የሰፈሩን ሬሳ ሁሉ ያመላለሰ ሰው በማያውቀው ሰው የኪራይ መኪና ሄደ፤ ሾፌሩም እየቸኮለ ነበር፤ በየጉብታው ላይ ሳጥኑ ሲዘል በዓይናቸው አይተዋል። ይህንን ሲነግሩኝ አላለቀሱም። «ቀብሩ እንዲያ አመለጠኝ» አሉ። «አርባው አያመልጠኝም። ድንኳኑን የምታመጣው እሷ ናት።»

ዳዊት ሰፈሩ ውስጥ ጥሩ ጋራዥ እንዳለ፣ በአንድ ሰዓት እንደሚጨርሱት ሊያስረዳ ጀመረ። እናቱ ቀና ብለው አዩት። እሱም ተወው። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ፣ እኔም በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ።

ከአርባው በፊት በነበረው ቅዳሜ ሄድኩ። ዳዊት በክሪኩ አንስቷት ግንዱን ከስር አስገባና የኋላ ቀኝ ጎማዋን አወጣ። እትዬ በላይነሽ ያንን ሁሉ ደረጃ በምርኩዝ ወርደው ነጠላ ጫማቸውን አወለቁና በባዶ እግራቸው ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ ጎማው በወጣበት በኩል መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ የጋሽ ዘለቀ ቁልፍ እጄ ላይ ነው፣ እጀታው ላይ የጠቀለሉት ጨርቅ እንዳለ ነው። ልጆች ብስክሌት እየነዱ ያልፋሉ፤ አንዲት ሴት ከሰገነቷ ልብስ ታሰጣለች። ማንም አያውቀንም።

«ይርገጡ» አልኩ። «ይርገጡ። ይያዙ።»

«ይዣለሁ» አሉ ከላይ።

ቡሎኗን ከፈትኳት። አየሩ ከዘይቱ ጋር አረፋ እያደረገ ወጣ፣ ጋሽ ዘለቀ ሳያወጡት የሄዱት አየር። ያሳዩኝ ልክ ላይ ሲደርስ ቡሎኗን አጠበቅኋት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። የሚቀረው ቃሉ ብቻ ነበር።

ሌላ ቃል ማለት እችል ነበር፤ እዚህ ግቢ ልቀቂ ብሎ የሚጮህ ጎረቤት የለም፣ ይልቀቁ ብል ይለቁ ነበር። ግን በአጽናኝ ፍሬን ላይ ሌላ ቃል አይሠራም። ያንን ቃል ካልኩ ደግሞ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ከስር የሚወጡ ሰው የሉም። እኔ እስካለሁ እኔው እላለሁ ብለውኛል። አሁን የምለው እኔ ነኝ።

«ጨረስሽ?» አሉ እትዬ በላይነሽ። «ልልቀቅ?»

«ይቆዩ፣ ይያዙልኝ።»

ያዙልኝ። ዳዊት ወደ እኔ አየና ፊቱን አዞረ። በተከፈተው በር በኩል እግራቸው ይታየኛል፤ ያ የታመመ ጉልበታቸው ጥቁሩ ቀሚስ ስር ይንቀጠቀጣል። ቢሆንም እግራቸው ከፔዳሉ ላይ አልተነሳም።

«በይው እንጂ ልጄ» አሉኝ። ድምፃቸው ልቅሶው እንደዘጋው ነው። «እግሬ ዛለ።»

ግንባሬን ታምቡሩ ላይ አስደገፍኩ። ቀዝቃዛ ነበር።

«ነፍስ ይማር» አልኩ።

ፔዳሉ ሲመለስ ሰማሁት። እትዬ በላይነሽ ከላይ ቀስ ብለው አሜን አሉ። ዘይቱ አሁንም አረፋ ነበረው፤ ሌሎቹ ጎማዎችም ገና አልተነኩም። ዓይኔን በክንዴ ጠርጌ ቁልፉን መልሼ ያዝኩ።

«ይርገጡ» አልኳቸው።